ልጅና የእንጀራ ልጅ፦ የእንግሊዝ ፖሊስና የሃይማኖት ጥላቻ ወንጀል

በ1993 (እዚህ ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ያሉ የይግባኝ ዳኞች ለኛ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነ ጉዳይ ቀረበላቸው። አንድ ራስ ተፈሪያን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆኖ ሊቀጠር ሄዶ ጸጉርህን ተቆረጥ ተባለ። እምነቴ ነው፣ አልቆረጥም አለ፤ ሥራውንም ተከለከለ። የሥራ ክርክር የሚያየው ጉባኤ መጀመሪያ ፈርዶለት ነበር፤ ይግባኝ ሲባልበት ግን ፍርዱ ተገለበጠ። ሕጉ የሚከለክለው በዘር ማዳላትን ነበርና የመጨረሻዎቹ ዳኞች ያሉት ይህን ነው፦ ራስ ተፈሪያን ከሌላው ጃማይካዊ ተለይተው የሚታወቁበት የራሳቸው ዘር የላቸውም፣ የጋራ ታሪካቸውም ገና 60 ዓመት ቢሆነው ነው። ስድሳ ዓመት ማለት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡበት ከ1930 ወዲህ ያለው ጊዜ መሆኑ ነው። በኛ አገር የተጫነ ዘውድ በሌላ አገር ችሎት የአንድን ሕዝብ ዕድሜ መለኪያ ሆነ።

ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ አንድን ልጅ ጥምጥሙን ካላወለቀና ጸጉሩን ካልተቆረጠ አንቀበለውም ብሎ ትምህርት ቤት መልሶት ነበር። ልጁ ሲክ ነው። በ1983 የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች ግን ሲኮች ረጅም የጋራ ታሪክና የራሳቸው ባህል ስላላቸው በሕግ ፊት እንደ ዘር ይቆጠራሉ ብለው ፈረዱለት። አይሁድም በዚሁ ጥላ ሥር ናቸው። ሙስሊሙ፣ ሂንዱው፣ ክርስቲያኑና ራስ ተፈሪያኑ ግን ሃይማኖት እንጂ ዘር አይደሉምና የዘር ሕጉ በእምነታቸው በኩል አይደርስላቸውም ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ፖሊስ ሃይማኖቶችን በእኩል ዓይን ያያል ወይስ ያዳላል የሚለው ክርክር ዛሬ በተነሣ ቁጥር የሚረሳው ይህ መነሻ ነው። ፖሊሱ ገና ደብተሩን ሳያወጣ ሕጉ ራሱ አንዱን ልጅ፣ ሌላውን የእንጀራ ልጅ አድርጎ ነበር።

በዚያው በ1993፣ ሚያዝያ ወር ላይ፣ ስቲቨን ሎውረንስ የተባለ የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት በደቡብ ምሥራቅ ለንደን አውቶቡስ ሲጠብቅ ነጭ ወጣቶች በስለት ወግተው ገደሉት። ፖሊስ ምርመራውን እንዴት እንዳበላሸው ያጠናው የሰር ዊሊያም ማክፈርሰን ሪፖርት በ1999 ሲወጣ የለንደንን ፖሊስ ተቋማዊ ዘረኝነት ያለበት ብሎ ፈረጀ። ከምክሮቹ አንዱ የፖሊስን አሠራር እስከ ዛሬ ቀይሮታል፦ አንድ ድርጊት ዘረኛ ነው ብሎ የሚመዘግበው የፖሊሱ ስሜት ሳይሆን የተበዳዩ ወይም የማንኛውም ሌላ ሰው እምነት ይሁን ይላል። ሁለት ሰዎች እስኪፈረድባቸው ግን ቤተሰቡ እስከ 2012 ጠበቀ፤ ወደ 19 ዓመት ማለት ነው።

ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት፣ በ1998፣ በዘር ጥላቻ የተፈጸመ ድብደባን፣ ንብረት ማውደምንና ማስፈራራትን ቅጣት የሚያከብድ ሕግ ወጥቷል። ሃይማኖት ግን በውስጡ አልነበረም። የገባው ከመስከረም 11 የአሜሪካ ጥቃት በኋላ፣ በ2001 መጨረሻ ነው። በሕጉ መሠረት ተራ ድብደባ ቢበዛ ስድስት ወር የሚያስቀጣ ሲሆን የዘር ወይም የሃይማኖት ጥላቻ ከታከለበት ሁለት ዓመት ይደርሳል፤ የአካል ጉዳት ያደረሰ ድብደባ ከአምስት ወደ ሰባት ዓመት ከፍ ይላል።

የጥላቻ ቅስቀሳ ሕጉ ግን እስከ ዛሬ እኩል አይደለም። በዘር ላይ ጥላቻ የሚያነሣሣ ንግግር የሚያስፈራራ፣ የሚሰድብ ወይም የሚያዋርድ ከሆነ፣ ጥላቻን ለመቀስቀስ ታስቦም ባይሆን ሊቀሰቅስ የሚችል ከሆነ ያስከስሳል። በ2006 የወጣው የሃይማኖት ጥላቻ ሕግ ግን የሚይዘው የሚያስፈራራ ንግግርን ብቻ ነው፤ ያውም ተናጋሪው ጥላቻ ለመቀስቀስ ማሰቡ ሲረጋገጥ። ሃይማኖትን መተቸት፣ ማላገጥና መስደብ ነጻ መሆኑንም በግልጽ ያስቀምጣል። በበኩሌ የመናገር ነጻነትን የሚጠብቀውን ይህን አጥር ትክክል ነው እላለሁ። ውጤቱ ግን አንድ ሰባኪ በአንድ መድረክ አይሁድንና ሙስሊሞችን በተመሳሳይ ቃል ቢያዋርድ መርማሪው ፊት ሁለት የተለያዩ መመዘኛዎች ይቀመጣሉ። ሙስሊሙ «ለምን ለኔ ሲሆን መመዘኛው ይከብዳል?» ቢል ያየውን ነው የተናገረው። ክርስትናን ብቻ ይጠብቅ የነበረው የስድበ እግዚአብሔር ሕግም በእስልምና ላይ ለተነሣ አቤቱታ አይሠራም ተብሎ በፍርድ ቤት ከተዘጋ በኋላ ራሱ የተሻረው በ2008 ነው።

አሁን ወደ ፖሊስ ጣቢያው እንግባ፤ ለእኔ ዋናው ነገር እዚያ ነውና። ነጠላዋን ተከናንባ ከቅዳሴ በአውቶቡስ የምትመለስ አንዲት እናታችንን አስቡ። አንድ ሰው፣ ሙስሊም መስላው፣ «ወደ አገርሽ ሂጂ» ብሎ ሃይማኖት እየጠራ ቢሰድባትና ቢገፈትራት ሕጉ ይሸፍናታል፤ አጥቂው የመሰለውን እንጂ እሷ በእርግጥ የሆነችውን አይጠይቅምና። ሲኮች በጥምጥማቸው ምክንያት ሙስሊም ተብለው ሲመቱም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ጥላቻው መረጋገጥ አለበት፦ በድርጊቱ ጊዜ፣ ወይም ከመፈጸሙ በፊትና በኋላ ወዲያው የተነገረ ቃል፣ አለበለዚያ ጥላቻ እንዳነሣሣው የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ። ያንን ቃል ማን ሰማ? ሹፌሩ? የአውቶቡሱ ካሜራ ምስሉን ይይዛል፤ ቶሎ ካልተጠየቀ ግን ይጠፋል። እናታችን በእንግሊዝኛ የተሰደበችውን ቃል በቃል መድገም ካልቻለች፣ አስተርጓሚም ካልተጠራላት፣ መዝገቡ ላይ የሚቀረው «ተገፈተረች» የሚል አንድ መስመር ነው። ሃይማኖቱ ከመዝገቡ ወጣ ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግ የሚከሰው በመዝገቡ ባለው ነው፤ ዳኛው የሚፈርደውም በቀረበለት። በ2018 የፖሊስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የጥላቻ ወንጀል አቤቱታዎች ገና ሲደርሱ እንዴት እንደሚያዙ መርምሮ፣ በትክክል ሳይለዩና ምልክት ሳይደረግባቸው የሚቀሩ መኖራቸውን በሪፖርቱ አስታውቋል።

ቁጥሩ ምን ይላል? እስከ መጋቢት 2024 በነበረው አንድ ዓመት የእንግሊዝና የዌልስ ፖሊስ 140,561 የጥላቻ ወንጀሎችን መዘገበ። ከእነዚህ 10,484ቱ የሃይማኖት ጥላቻ ናቸው። በሙስሊሞች ላይ ያነጣጠሩት 3,866፣ በአይሁድ ላይ ያነጣጠሩት 3,282 ነበሩ፤ የአይሁዱ ከቀዳሚው ዓመት 1,543 ተነሥቶ ነው እጥፍ የሆነው። አገሩ ውስጥ ያሉት አይሁድ ወደ 271,000፣ ሙስሊሞች ደግሞ ወደ 3.9 ሚሊዮን ናቸው። ስለዚህ ለ10,000 ሰው ሲካፈል ለአይሁድ ወደ 121፣ ለሙስሊም ወደ 10 ይደርሳል። ይህን የሚያይ አይሁዳዊ ልጁን ትምህርት ቤት ሲልክ የሚሰማውን ፍርሃት መገመት አያቅትም። ቁጥሩ ግን የተፈጸመውን ሳይሆን የተመዘገበውን ነው የሚነግረን። አይሁዶች በ1994 በአሁኑ መልኩ የተቋቋመ፣ ምኩራብና ትምህርት ቤት የሚጠብቅ፣ አቤቱታ ተቀብሎ ከፖሊስ ጋር የሚሠራ የማኅበረሰብ ደኅንነት ድርጅት አላቸው። ለሙስሊሞች «ቴል ማማ» የተባለው አገልግሎት የተጀመረው በ2012 ነው። ፖሊስ በየሃይማኖቱ ለይቶ መመዝገብ የጀመረው ደግሞ ከ2016 ወዲህ ነው። ተቋም ያለው ይሰማል፤ የሌለው ዝም ይላል። እኛስ? በለንደን በየሰንበቱ የሚሞሉ አብያተ ክርስቲያናት አሉን፤ አባሎቻቸው ሲሰደቡና ሲመቱ ማን እንደሚጽፍላቸው ግን የብዙዎቻችን ጥያቄ ሆኖ አያውቅም።

ጥቅምት 7 ቀን 2023 ሐማስ እስራኤልን ካጠቃ በኋላ ክርክሩ ወደ አደባባይ ወጣ። በዚያው ወር ለንደን ውስጥ በተደረገ ሰልፍ «ጂሃድ» የሚል ጩኸት ሲሰማ ፖሊስ ቃሉ ብዙ ትርጉም አለው ብሎ ሳይከስ ቀረ፤ አይሁዶች ተቆጡ። በኅዳር የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ስዌላ ብራቨርማን ፖሊስ በሰልፎች አያያዝ ያዳላል ብላ በጋዜጣ ጻፈች፤ ከቀናት በኋላ ከሥልጣኗ ተነሣች። በሚያዝያ 2024 ደግሞ አንድ መኮንን ኪፓ (የአይሁድ ቆብ) የደፋን ሰው ሰልፍ አጠገብ እንዳይሻገር ሲከለክለው አይሁድነትህ በግልጽ ይታያል አለው፤ ፖሊስ ይቅርታ ጠየቀ። ይህ ለእኔ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የሚጠበቀውን ሰው የችግሩ ምንጭ ያደርጋልና።

ከሌላው ወገንም ቁስል አለ። በሐምሌ 2024 ሳውዝፖርት ከተማ ሦስት ሕፃናት ሴቶች ሲገደሉ ገዳዩ ሙስሊም ስደተኛ ነው የሚል ሐሰት ተነዛ፤ በማግስቱ የከተማው መስጊድ በድንጋይ ተመታ፤ ሁከቱ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ከ1,000 በላይ ሰዎች ተያዙ፤ ፍርድ ቤቶችም በሳምንታት ውስጥ ፈረዱ። ያን ጊዜ ነው ነጩን አጥብቆ ሌላውን የሚለቅ «ባለ ሁለት ደረጃ ፖሊስ» የሚለው መፈክር የገነነው። የፓርላማው የአገር ውስጥ ጉዳይ ኮሚቴ በ2025 መርምሮ ክሱን መሠረት የለሽ ብሎታል። ትክክል ነው፤ መስጊድ የወገረና ሰዎች ያሉበትን ሆቴል ለማቃጠል የሞከረ የተቀጣው ባደረገው ነው።

በዚያው በ2025 ግን ዐቃቤ ሕግ ራሱ ተደናበረ። በየካቲት አንድ ሰው በቱርክ ቆንስላ በር ላይ ቁርኣን አቃጠለ። የመጀመሪያው ክስ ተበዳዩን «የእስልምና ሃይማኖት ተቋም» ብሎ ጻፈው፤ ይህ የተሻረውን የስድበ እግዚአብሔር ሕግ በጓሮ በር መመለስ ነበርና ክሱ ታረመ። በሰኔ 240 ፓውንድ ተቀጣ፤ በጥቅምት የይግባኙ ፍርድ ቤት ነጻ አወጣው። ስለት ይዞ የተከተለውና የደበደበው ሰው ደግሞ እስሩ ታገደለት። ሕጉ ሰውን እንጂ እምነትን እንደማይጠብቅ ከመርማሪው እስከ ዐቃቤ ሕግ በአንድ ድምፅ ካልታወቀ፣ አንዱ ወገን «ለእነሱ ሲሆን» ማለቱ አይቀርም።

የጣቢያው ቅጽ የሃይማኖት ሰንጠረዥ አለው፤ ክርስቲያን፣ አይሁድ፣ ሙስሊም፣ ሂንዱ፣ ሲክ፣ ቡድሂስት፣ ሌላ፣ ሃይማኖት የለሽ፣ ያልታወቀ። ዳኞቹ 60 ዓመት ብለው የመለሱት ራስ ተፈሪያን ዛሬ ቢመታ የሚገባው «ሌላ» የሚለው ውስጥ ነው። ከቅዳሴ ስትመለስ በነጠላዋ የተሳሳቱባት እናታችን ደግሞ፣ ቃሏን የሚጽፍ ፖሊስ ካገኘች፣ የምትቆጠረው በሙስሊሞች መስመር ላይ ነው።