ድግስን በአበባ ማስጌጥ ትምህርት የሚሻ ሙያ ስለ መኾኑ

የአገራችን ሰው ደስታውንና በዓሉን በለምለም ነገር መግለጽ ከጥንት የመጣ ልማዱ ነው። በበዓል ቀን በቤቱ ወለል ላይ ቄጠማ ይጐዘጕዛል፤ በዘመን መለወጫ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ፤ ዋና ከተማችንም በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር እቴጌ ጣይቱ የሰየሟት በአበባ ስም ነው። ነገር ግን አበባን መውደድ አንድ ነገር ነው፤ አበባን ቈርጦ፣ ውኃ አጠጥቶና ጠብቆ ለታላቅ ድግስ ማቅረብ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ስለ ኹለተኛው ጕዳይ ለክቡራን አንባብያን ጥቂት ለማስረዳት ፈለግን።

ዋና ከተማውን ከከበቡት ከተሞች መካከል ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም ከእንጦጦ ተራራ ባሻገር በጎጃም መንገድ ይገኛሉ፤ ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በተባለው አስተዳደር ተጠቃለዋል። በሰበታ ዙሪያ የጽጌ ረዳ እርሻዎች አሉ፤ በሆለታ የሚለቀመውም አበባ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርደው በቡራዩ መንገድ ነው፤ የሱሉልታ ሜዳም በሣሩና በመስከረም አደይ አበባው የታወቀ ነው። የደጋው ብርድ ለጽጌ ረዳ ይስማማዋል፤ በዝግታ ስለሚያድግ አበባው ትልቅ፣ ዘንጉም ረዥም ይኾናል። ይህ እርሻ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ተስፋፋ ኢትዮጵያ አበባ ወደ ውጭ በመላክ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ኹለተኛ ለመኾን በቅታለች፤ የሚበዛውም አበባ ወደ ሆላንድ ይሄዳል።

እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ነው። አበባውን በማለዳ የሚቈርጡት፣ በልክ በልኩ የሚለዩትና የሚያስሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። እጃቸው የአበባውን ጠባይ ያውቃል፤ ሥራቸው ግን ሣጥኑ ሲዘጋ ያበቃል። እቅፍ ኾኖ በብዙ ዋጋ የሚሸጠው በሌላ አገር ሰው እጅ ነው። በዚያው አጠገብ ግን ልጁን የሚድር አባት ድንኳኑን በፕላስቲክ አበባ ያስጌጣል፤ ወይም አያያዙን የማያውቅ አሰናጅ ያቀረበለት አበባ ሙሽሮቹ ሳይገቡ ጠውልጎ ያገኘዋል። ሰርግ በሚመጣው ሳምንት የሚታረም ነገር አይደለም፤ ስለዚህ የሙያ ጕድለት የባለ ድግሱን ክብርና የአሰናጁን እንጀራ ባንድነት ይጐዳል።

በሌሎች አገሮች ይህ ሙያ በትምህርት የሚገኝ ነው። በጃፓን ኢኬባና የሚባለውን የአበባ አደራደር ጥበብ በኪዮቶ ከተማ ያለው የኢኬኖቦ ቤት ከ500 ዓመት በላይ ሲያስተምር ኖሯል። በእንግሊዝም ኮንስታንስ ስፕራይ የተባለች ሴት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1934 ዓ.ም. በለንደን የአበባ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ በ1953 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ በጫኑ ጊዜም አበባ እንድታሰናዳ ታዘዘች። ይህች ሴት የታወቀችው ውድ በኾነ አበባ ብቻ ሳይኾን የጓሮ ቅጠልና የዱር ፍሬ ለጌጥ እንዲበቃ በማድረጓ ነው። ይህ ምክር ለእኛም ይስማማል፤ በደጋችን ነጭ አበባ የሚያወጣው ቀጋ በራሱ ይበቅላልና።

ለድግስ አሰናጆች የሚሰጠው ትምህርት ከውበት በፊት ከውኃ ሊጀምር ይገባዋል። የተቈረጠ አበባ ዘንጉ ውስጥ አየር ከገባ ውኃ መሳብ ያቅተዋል፤ ስለዚህ ጫፉ በተሳለ ቢላዋ ወይም መቀስ ሰያፍ ኾኖ እንደ ገና ይቈረጣል። ከውኃው በታች የሚውለው ቅጠል ሁሉ ይራገፋል፤ ቅጠሉ ሲበሰብስ ውኃውን ያበላሻልና። ከዚያም አበባው በንጹሕ ባልዲ፣ በቀዝቃዛና በጥላ ስፍራ ብዙ ሰዓት ጠጥቶ ያድራል። እንደ ሙዝ ካለ የበሰለ ፍሬ አጠገብ አይቀመጥም፤ ከፍሬው የሚወጣው ጋዝ አበባን ቶሎ ያስረጃል። ድንኳን በቀትር እንደ ምድጃ ስለሚግል፣ ጌጡ የሚገባበትን ሰዓት መምረጥም ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ነው።

ኹለተኛው ትምህርት ሒሳብ ነው። 20 ገበታ ላለው ግብዣ በየገበታው 12 ዘንግ ቢደረግ 240 ዘንግ ያስፈልጋል፤ ለሚሰበረውና ለሚጠወልገው ከመቶ 10 ቢታከል 264 ይኾናል። የመኪናውን፣ የባልዲውንና የረዳቶቹን ዋጋ ሳያሰላ የሚዋዋል አሰናጅ ወይ ራሱ ይከስራል፣ ወይ የደንበኛውን አበባ ያጐድላል።

ሦስተኛው ስለ መሣሪያ ነው። ፎም የሚሉት አረንጓዴ ስፖንጅ ለሥራ ቢቀናም ከፕላስቲክ ወገን ስለ ኾነ በምድር ላይ አይበሰብስም፤ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ በትርኢቶቹ ላይ ከልክሎታል። የሽቦ መረብ በዕቃው ውስጥ ቢጠቀለል ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ታጥቦም ደጋግሞ ያገለግላል።

አራተኛው ትምህርት ወግ ነው። በገበታ መካከል የሚቆመው አበባ የተቀማጮቹን ፊት እንዳይጋርድ ከዓይን በታች ይኹን፤ ሽታው የበረታም ከምግብ ይራቅ። የቤቱን ሽማግሌዎችና እናቶች ሳይጠይቁ ቄጠማውን በምንጣፍ መለወጥ ከሥልጣኔ አይቈጠርም። የደስታና የኀዘን ቤትም በአንድ ዐይነት ጌጥ አይሰናዳም።

ይህን ሁሉ ለማስተማር ታላቅ ሕንፃ አያስፈልግም፤ ውኃ፣ ጥላና የሚያውቅ መምህር ይበቃል። የሦስቱ ከተሞች ሹማምንት፣ የእርሻዎቹ ባለቤቶችና የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች ቢመካከሩ፣ ከውጭ ገበያ ልክ ያነሰው አበባ ለመለማመጃ ሊውል ይችላል። ከተማሪዎቹም መካከል በእርሻው ላይ እጃቸው የሠለጠነው ሴቶች የመጀመሪያውን ስፍራ ቢያገኙ ፍትሕ ነው። ክቡራን አንባብያንም ድግስ በሚያዙበት ጊዜ አሰናጁን ስለ ዋጋው ከመጠየቃቸው በፊት፣ «አበባው ሌሊቱን ወዴት ያድራል?» ብለው እንዲጠይቁ እናሳስባለን፤ ከሚሰጣቸው መልስ የተማረው ካልተማረው ይለያልና።