ኩድዙ፦ በክፍያ የተተከለው አረም

በሐምሌ ከአሜሪካዋ አትላንታ ወጣ ብሎ በመኪና የሄደ ሰው፣ የመንገድ ዳር ዛፎች አረንጓዴ ጋቢ ተከናንበው ያያል። የስልክ እንጨቱም፣ ባለቤት ያጣው ጎጆም ከሥሩ ነው፤ ቅርጻቸው እንጂ ራሳቸው አይታዩም። ያለበሳቸው ኩድዙ የሚባል ሐረግ ነው።

ዘሩ ከእነ ባቄላና አደንጓሬ ወገን ነው። እንደ አደንጓሬ ሁሉ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል። እዚያው አገር ቆዳ የሚያሳክከው ፖይዝን አይቪም ቅጠሉ ሦስት ስለሆነ ከመንካት በፊት ለጋ ግንዱን ማየት ይበጃል፤ የኩድዙ ግንድ ቡናማ ፀጉር አለው። ሐምራዊ አበባው ወይን ወይን ይሸታል።

እ.ኤ.አ. በ1876 ጃፓኖች ለፊላደልፊያው ኤግዚቢሽን ሲያመጡት ጌጥ ነበር። በ1930ዎቹ የአገሪቱ ደቡብ አፈር በጎርፍ ሲታጠብ ግን መንግሥት መድኃኒት አደረገው፤ ለተከለው ገበሬ በኤከር እስከ 8 ዶላር ከፈለ። ከሚመከሩት የአፈር መከላከያ ዕፅዋት ዝርዝር የወጣው በ1953 ነው። ያኔ ሐረጉ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም ነበር።

በሞቃት ወራት በቀን እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ዛፉን የሚገድለው በመርዝ አይደለም፤ ወጥቶበት ፀሐይ ይከለክለዋል፣ በክብደቱም ቅርንጫፉን ይሰብረዋል። ለእኔ ይበልጥ የሚገርመው የማይታየው ጉዳቱ ነው። በሥሩ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወደ አፈር ያስገባሉ፤ ገበሬ ለማሳው የሚመኘው ሲሳይ ማለት ነው። ሲበዛ ግን አፈሩ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይተነፍሳል፣ እሱም ሰው በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ኦዞን እንዲፈጠር ያግዛል። በ2010 የወጣ፣ በጆርጂያ ግዛት የተደረገ ጥናት፣ ኩድዙ የወረረው አፈር ካልተወረረው ከእጥፍ በላይ ይህን ጋዝ እንደሚለቅ አሳይቷል።

ደቡቡን ሁሉ ዋጠው የሚለው ወሬ ግን የመኪና መስኮት ወሬ ነው። ኩድዙ ፀሐይ ስለሚወድ የሚገነው በጫካ ጠርዝ፣ ማለትም በመንገድ ዳር ነው። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ግምት የተወረረውን ደን ወደ 92,000 ሄክታር ያደርሰዋል፤ በአፍ ከሚነገረው ሚሊዮኖች ኤከር ጋር አይገናኝም።

ሐረጉን ቆርጦ መሄድ ድካም ብቻ ነው፤ ቡቃያው የሚወጣበት የሥሩ አናት ተቆፍሮ መውጣት አለበት። የቴኔሲዋ ቻታኑጋ ፍየል አሰማርታበታለች። ፍየል ቅጠሉን ትወደዋለች፤ እረኛው ግን አንዴ አሰማርቶ አይገላገልም፤ ሥሩ ያጠራቀመው ስንቅ እስኪያልቅ በየዓመቱ መመለስ አለበት።