ዴሲቤል የሚለው ቃል ትርጉምና አገባብ

በማስተምርበት ዘመን አንድ ተማሪ በድርሰቱ ውስጥ «የሠርጉ ዴሲቤል ሰፈሩን አናወጠው» ሲል ጽፎ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ሆኖም ስሕተት አለበት። ዴሲቤል የድምፅ ኃይል የሚለካበት መስፈሪያ እንጂ ራሱ ድምፅ አይደለም። «ኪሎው ትከሻዬን አጎበጠው» እንደማንል ሁሉ ዴሲቤልም ሰፈር አያናውጥም። ያናወጠው የከበሮውና የድምፅ ማጉያው ጩኸት ነው።

ቃሉ ከሁለት ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። «ዴሲ» አንድ ዐሥረኛ ማለት ሲሆን፣ «ቤል» በስልክ ፈልሳፊነቱ ከሚታወቀው ከአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ስም የተወሰደ ነው። መስፈሪያውን በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጡት የአሜሪካው የቤል ስልክ ድርጅት መሐንዲሶች ናቸው።

ዜሮ ዴሲቤል ጸጥታ ማለት እንዳይመስላችሁ፤ ጤናማ ጆሮ ለይቶ ሊሰማው የሚችለው እጅግ ደካማ ድምፅ ነው። ሹክሹክታ ወደ 30፣ የሁለት ሰዎች ተራ ጭውውት ደግሞ ወደ 60 ዴሲቤል ይደርሳል። ታዲያ ጭውውቱ ከሹክሹክታው ሁለት እጥፍ ኃይል አለው ብሎ መጻፍ ትክክል ነውን? አይደለም። በዚህ መስፈሪያ 10 በተጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል በ10 ይባዛል። በመሆኑም ጭውውቱ የሹክሹክታው 1,000 እጥፍ ኃይል አለው ማለት ነው። እንዲሁም እያንዳንዳቸው 60 ዴሲቤል የሚያሰሙ ሁለት ራዲዮኖች በአንድነት ቢከፈቱ ድምራቸው 120 ሳይሆን 63 ያህል ይሆናል። ይህ ነገር ለብዙ ተማሪ፣ እውነቱን ለመናገር ለመምህሩም ጭምር፣ በመጀመሪያ ግራ ያጋባል።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ የሒሳብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሠራተኞች ባወጣው ምክር መሠረት፣ ሰው 85 ዴሲቤል ድምፅ ባለበት ስፍራ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መዋል የለበትም። ድምፁ ወደ 88 ከፍ ካለ ጊዜው በግማሽ ተቀንሶ 4 ሰዓት ይሆናል፤ 100 ሲደርስ ግን 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ሦስት ዴሲቤል ምን አላት ብሎ የሚንቅ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በውስጠኛው ጆሮ የሚገኙት ጸጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ዳግመኛ አይበቅሉም።

ወደ አገባቡ እንመለስ። ዴሲቤል ቁጥር ይቀድመዋል፤ ቁጥር ሲቀድመውም የብዙ ቁጥር ምዕላድ አያስፈልገውም። «85 ዴሲቤል» እንላለን እንጂ «85 ዴሲቤሎች» አንልም። የለካችሁት ነገር ከሌለ ግን ቃሉን ተዉትና ጩኸት፣ ሁካታ፣ ሹክሹክታ፣ ለሆሳስ ከሚሉት ውስጥ ተስማሚውን ምረጡ። «የወፍጮው ጩኸት ንግግራችንን ዋጠው» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም መስፈሪያ አያሻውም።