ከባንኮኒው ጀርባ የሚወራ የቮላኖ ወሬ

ጠጋ በል፣ ይህን ከእኔ ሰማሁ እንዳትል። ቀላል ቮላኖ፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ክብ ብረት የቀለለው ዓይነት፣ ለሞተርህ አንዲት የፈረስ ጉልበት አይጨምርም። እኛ ሻጮቹ ይህን እናውቃለን፤ ደንበኛው ግን የዳይኖ፣ የጉልበት መለኪያው ማሽን፣ ወረቀት ያያል። ከመገጠሙ በፊት የተለካው መስመር ዝቅ፣ ከተገጠመ በኋላ የተለካው ከፍ ብሎ። ወረቀቱ ደግሞ የተጭበረበረ አይደለም፤ ነገሩ ያለው መለኪያው ላይ ነው።

አብዛኛው ጋራዥ ያለው ዳይኖ ከባድ ሮለር ነው። ጎማው ሮለሩን ያሽከረክራል፣ ማሽኑም ሮለሩ እንዴት እየፈጠነ እንደሄደ አይቶ ጉልበቱን ያሰላል። ሞተሩ ሲፈጥን የራሱንም ቮላኖ አብሮ ማፍጠን አለበት፣ ለዚያ ያወጣው ጉልበት ጎማው ጋ አይደርስም። ቮላኖው ሲቀል ያ ድርሻ ለሮለሩ ይተርፋል፤ ወረቀቱ ላይ የምታየው ጭማሪ እሱ ነው። ያንኑ መኪና ሞተሩን 5,000 ዙር ላይ ይዞ በሚለካ ዳይኖ ላይ አውጣው፣ ጭማሪው ድራሹ ይጠፋል። ትልቅ ቁጥር ማሳየት የፈለገ ነጋዴ ደግሞ በፊቱንም በኋላውንም በአራተኛ ፈንታ በሦስተኛ ማርሽ ይለካል። ማርሹ ዝቅ ሲል ልዩነቱ ያብጣል።

ታዲያ ለምን እንሸጠዋለን? የሚሠራበት ቦታ ስላለ ነው። የ1994ቱን ባለ 1.8 ሊትር ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ውሰድ፤ አንደኛ ማርሹ 3.136፣ አራተኛው 1.000፣ ዲፈረንሻሉ 4.1፣ ጎማው 185/60 አር14። ከመሃሉ በአማካይ 12 ሴንቲሜትር ርቆ ከነበረ ቦታ 4 ኪሎ ተነሳ እንበል። በአንደኛ ማርሽ መኪናው 114 ኪሎ ግድም እንደቀለለ ሆኖ ይፈጥናል። በአራተኛ ግን ትርፉ 12 ኪሎ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም የማርሹ ብዜት ሒሳቡ ውስጥ የሚገባው በራሱ ተባዝቶ ነው። መብራት ላይ ሲነሳ ልብ የሰለበ መኪና አውራ ጎዳና ላይ የቀድሞው ሆኖ ሲገኝ፣ ጋራዡን አትውቀስ።

ስለዚህ “ስንት ኪሎ ነው?” ማለቱን ተወውና “ክብደቱ ከየት ተነሳ?” በል። ከመሃሉ 14 ሴንቲሜትር ላይ የተነሳ አንድ ኪሎ 7 ሴንቲሜትር ላይ ከተነሳው አራት እጥፍ ይሠራል። መሃሉን በቀዳዳ ወንፊት አስመስለው ጠርዙን እንዳለ የሚተዉ አምራቾች አሉ፤ ለፎቶ ያምራል። እርግጥ ጠርዙም ዝም ብሎ አይቆረጥም፣ ሞተሪኖው የሚነክሰው ጥርስ ያለው እዚያ ነው። የውድድር ቡድኖች ፍሪሲዮኑንም አብረው ወደ 184 ወይም 140 ሚሊሜትር የሚያሳንሱት ክብደቱ ወደ መሃሉ እንዲጠጋ ነው።

አሉሚኒየም ወይስ ብረት? አሉሚኒየም የብረትን ሲሶ ያህል ይመዝናል፣ ሲሞቅ ግን እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ፍሪሲዮኑ የሚፋተገውም በላዩ ከታሰረ የብረት ሳህን ጋር ነው። ሳህኑ ሲበላ ለብቻው መቀየሩ ጥሩ ነው። እኔ ግን ዳገትና መጨናነቅ ላለበት መንገድ ከአንድ ወጥ ክሮሞሊ ብረት የተሠራውን፣ ያውም መጠነኛውን እመርጣለሁ። በጣም የቀለለው ስትነሳ ሞተሩን እያጠፋብህ ያሰለችሃል። ከቆመበት ተፈትልኮ ለሚወዳደር ከባድ መኪና እንዲያውም ከባዱ ይሻላል፣ ያጠራቀመውን ኃይል ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ይሰጠዋልና።

ሌላው የማይነገርህ፣ መኪናህ ከፋብሪካው ባለ ሁለት ክፍል ቮላኖ ይዞ ከመጣ የሚገጥምህ ነው፤ ሉክ በ1985 ማምረት የጀመረው ዓይነት። ውስጡ ያሉት ስፕሪንጎች የሞተሩን ንዝረት ለካምቢዮው ያበርዱለታል። በአንድ ወጥ ስትቀይረው ሚኒሞ ላይ ካምቢዮው ይንኳኳል። ደንበኛው “ካምቢዮዬ ሞተ!” ብሎ ሲመጣ ብዙ ጊዜ አልሞተም፣ ድሮም የነበረው ድምፅ መሸፈኛውን አጥቶ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተርም የክራንክሻፍቱ ፍጥነት ሲዋዥቅ ሲሊንደር አልተኮሰም ብሎ ፒ0300 ሊያበራብህ ይችላል። የፎርድ 302 ቪ8 ባለቤቶች ደግሞ ለብቻቸው ይጠንቀቁ፤ የሞተሩ ሚዛን በከፊል ቮላኖው ላይ ስለሆነ፣ ለድሮው ሞተር ባለ 28፣ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ላለው ባለ 50 አውንስ-ኢንች ነው የሚገጠመው። ተሳስቶ ከተገጠመ ንዝረቱ መሪው ላይ ይደርሳል።

“የፋብሪካውን ቶርኖ ላይ አስቆርጥልሃለሁ፣ በርካሽ” የሚል ካገኘህስ? ብዙዎቹ የፋብሪካ ቮላኖዎች ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ናቸው፤ ሲሳሱ ይሰነጠቃሉ። በደቂቃ 7,000 ዙር ላይ 14 ሴንቲሜትር ርቆ ያለው ጠርዝ በሰዓት 370 ኪሎ ሜትር ግድም ይበርራል። ከፈነዳ የካምቢዮውን ቤትና ወለሉን በስቶ የሚወጣው በእግርህ አጠገብ ነው። ኤስኤፍአይ 1.1 የሚል የደህንነት ማረጋገጫ የተለጠፈበትን ጠይቅ፤ ያንን የናቀ ጋራዥ ዋጋ ቢቀንስልህም ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።