የአንድ ኪሎ ሜትር ዋጋ ስንት ነው?

አንድ ከተማ የብዙኃን ትራንስፖርት ለመዘርጋት ሲያቅድ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ባቡር ይሻላል ወይስ አውቶቡስ?» የሚል ነው። ጥያቄው መልስ የሚያገኘው ግን «በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ አንድን መንገደኛ ለማጓጓዝ ስንት ይወጣል?» ተብሎ ሲቀርብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስሌቱን በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ምሳሌነት እንመለከታለን።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ሁለት መስመሮች አሉት። ለግንባታው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ወጥቷል፤ 85 በመቶው ከቻይና በብድር የተገኘ ነው። ሒሳቡን ብናካፍል ለአንድ ኪሎ ሜትር 14 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይደርሳል። ይህ ግን የወጪው ከፊል ነው።

የአንድ መስመር አቅም በሰዓት የሚያልፉት ተሽከርካሪዎች ብዛት እያንዳንዱ በሚይዘው ሰው ቁጥር ተባዝቶ ይገኛል። 300 ሰው የሚይዝ ባቡር በየ6 ደቂቃው ቢመጣ በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 3,000 ሰው ያጓጉዛል፤ በየ15 ደቂቃው ከመጣ ግን 1,200 ብቻ። የሐዲዱ ዋጋና የብድሩ ወለድ በሁለቱም ሁኔታ ያው ነው። ስለሆነም ባቡር በቆመ ቁጥር በእያንዳንዱ መንገደኛ ላይ የሚያርፈው ወጪ ከፍ ይላል። በአዲስ አበባም ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከሥራ ውጪ ሆነው ቆይተዋል። ሲጀመር የነበረው የ2፣ የ4 እና የ6 ብር ዋጋ በብር ሲሰበሰብ፣ መለዋወጫውና ዕዳው ግን የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቁ ነበሩ።

ሌላው አማራጭ በተለየ መንገድ ላይ የሚሮጥ ፈጣን አውቶቡስ ነው። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ እ.ኤ.አ. በ2000 ይህንኑ ሥራ ላይ አውላለች፤ በተጨናነቀው መስመሯ በሰዓት በአንድ አቅጣጫ ከ40,000 በላይ ሰው ታጓጉዛለች። ምሥጢሩ ትኬት ከመሳፈር በፊት መቆረጡ፣ የመሳፈሪያው ወለል ከአውቶቡሱ ወለል ጋር መስተካከሉና አንዱ አውቶቡስ ሌላውን የሚያልፍበት መንገድ መኖሩ ነው። ይሁንና አውቶቡስም ያለ ዋጋ አይገኝም፤ ሰፊ ጎዳና ይሻል፣ ብዙ አሽከርካሪዎች ያስፈልጉታል፣ ዕድሜውም ከባቡር ያጥራል። ቦጎታም ራሷ በመጨናነቅ ብዛት በ2020ዎቹ የሜትሮ ግንባታ ጀምራለች።

እንግዲህ የግንባታ ዋጋ ስንሰማ ሦስት ነገሮችን ልንጠይቅ ይገባል፦ በየስንት ደቂቃው ይመጣል? ሲበላሽ በምን ገንዘብ ይጠገናል? ሐዲዱና አጥሩ ሰፈርን ለሁለት ሲከፍል መንገዱን ለመሻገር የሚዞረው እግረኛ የሚያጠፋውን ጊዜ ማን ቆጠረው? ሦስቱ ካልተመለሱ ርካሽ የመሰለው ውድ፣ ውድ የመሰለውም ርካሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።