የተረፈውን መጻፍ

አስታማሚና ሬዚደንት የሚጋሩት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ሙሉ በሙሉ ወጣ?» አስታማሚው ከኦፕሬሽን ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ይጠይቃል፤ ሬዚደንቱ ጓንቱን ሳያወልቅ። ለአስታማሚው ምን እንደምል ዕድሜ አስተምሮኛል። የሚያስቸግረኝ ሬዚደንቱ ነው። ለወጣት ሐኪም የተረፈ ዕጢ ሽንፈት ነው።

መጻሕፍቱም አበርትተውታል። ከአንጎል ሽፋን የሚነሣውን ሜኒንጂዮማ የሚያጠና ሰው ዶናልድ ሲምፕሰን በ1957 ያወጣውን ባለ 5 ደረጃ ምደባ ይሸመድዳል። ዕጢው ከተጣበቀበት ሽፋንና ከነካው አጥንት ጋር ተጠርጎ ከወጣ 1ኛ ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዕጢው ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ይጨምራል። ዕጢው ከላይ፣ ከራስ ቅሉ ሥር ከሆነ እኔም ከ1ኛ ደረጃ በታች አልስማማም። እኛ ጋ የሚመጡት ግን ብዙዎቹ ራስ ምታቱን በማስታገሻ፣ በጠበል፣ መነጽር በመቀየር ሲገፉት ከርመው፣ ዐይናቸው ሲፈዝ ነው። ያን ጊዜ ዕጢው ብርቱካን አክሎ፣ የዐይን ነርቭንና የካሮቲድን ደም ቧንቧ አቅፎ እናገኘዋለን። ቧንቧው ላይ የቀረችውን ስስ ቅሪት ልላጥ ያለ ሐኪም በእግሩ የመጣን ሰው ሽባ አድርጎ ሊሸኝ ይችላል። አብዛኛው ሜኒንጂዮማ ደግሞ አዝጋሚ ነው፤ ቅሪቱን በኤምአርአይ እየተከታተሉ ዓመታት መቆየት ይቻላል፤ ካስፈለገም ጨረር አለ።

ግሊዮብላስቶማ የተባለው አደገኛ የአንጎል ዕጢ ከዚህ ይለያል፤ ድንበር የለውም። አሜሪካዊው ዋልተር ዳንዲ በ1928 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ግራ ጎናቸው አስቀድሞ ሽባ ከሆነባቸው ሕሙማን ቀኙን የአንጎል ክፍል እንዳለ ማውጣቱን ገለጸ። ግማሽ አንጎል! ዕጢው ግን ተመለሰ። ይህን ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ለማስደንገጥ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለማስደንገጥም ነው። በምስሉ ላይ ጠርዝ መስሎ የሚታየው ጠርዝ አይደለም፤ ሴሎቹ የነርቭ ክሮችን ተከትለው ርቀው ሄደዋል። በ2005 የታተመው ትልቁ ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በጨረሩ ላይ ቴሞዞሎማይድ የተባለው መድኃኒት ሲታከል ግማሽ ያህሉ ሕሙማን በሕይወት የሚደርሱበት ጊዜ ከ12.1 ወር ወደ 14.6 ወር ከፍ ማለቱን አሳየ። የተገኘው ሁለት ወር ተኩል ነው፤ ሕክምናው ዛሬም በዚያው ላይ ቆሟል። ታማሚው ያቺን አጭር ጊዜ ልጆቹን በስማቸው እየጠራ ይኑራት ወይስ አንደበቱ ተዘግቶ?

ለዚህ ነው ዕጢው ከንግግር ማዕከል ሲጠጋ ሰውየውን መሐል ላይ ከሰመመን ቀስቅሰን የምናነጋግረው። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። ሥዕል እናሳየዋለን፣ ስሙን ይናገራል፤ ሲደናቀፍ እጃችንን እንሰበስባለን። ከውጭ የመጣውን የሥዕል ካርድ እንዳለ መጠቀም አያዋጣም፤ ጀበናና መሶብ ይሻላሉ። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ከሆነም ኦሮምኛ የሚያውቅ ባልደረባ ራስጌው ይቀመጣል፤ አማርኛው ደህና ሆኖ የእናቱ ቋንቋ ሊጎዳ ይችላልና።

እጅ መሰብሰብን ለሬዚደንት ማስተማር ግን ሌላ ጣጣ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ሙያውን የፈለገ ሰው ውጭ አገር ነበር የሚማረው። አሁን እዚሁ የሠለጠኑት ሌላውን ያሠለጥናሉ። ደስ ይላል፤ ነገር ግን ለመምህሩ የደረጃ ዕድገት የሚቆጠረው የታተመ ጽሑፍ ነው፣ የሬዚደንቱ ሎግቡክም የሚቆጥረው የኦፕሬሽን ብዛት ነው። በጊዜ የቆመን እጅ የሚቆጥር ቅጽ እስካሁን አላየሁም።

ስለዚህ የራሴን ዘዴ አበጅቻለሁ። ማይክሮስኮፑ ላይ ሆኜ ሬዚደንቱን «አቁም» አልለውም፤ «ከዚህ ቀጥሎ ምን አለ?» እለዋለሁ። መልስ ካጣ መሣሪያው ይወጣል። በኦፕሬሽን ኖቱ ላይም የተረፈው ምን ያህል እንደሆነ፣ ምን ላይ እንደተጣበቀና ለምን እንደተተወ ሳይጽፍ አልፈርምለትም። ታማሚው ለክትትል ኤምአርአይ ይዞ ሲመጣ ምስሉንና ያንን ጽሑፍ ጎን ለጎን እናስቀምጣለን፤ አብዛኛው ክርክራችን የሚነሣው ያን ጊዜ ነው። አንዳንዴ ሬዚደንቱ ይረታኛል።