የፍሬን ዲስክ በእርግጥ ይጣመማል? በስልኬ ሴንሰር ያገኘሁት መልስ

በአንድ ዓመት ውስጥ የመኪናዬን የፊት ፍሬን ዲስኮች ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ምልክቱ ሁሌም አንድ ነበር፦ በአውራ ጎዳና ላይ ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ፔዳሉም እግሬን መልሶ ይገፋል። መካኒኩም ሁለቱንም ጊዜ «ዲስኩ በሙቀት ተጣሟል፣ ይቀየር» አለኝ። አዲስ ዲስክ ሲገባ መንቀጥቀጡ ይጠፋል፤ ከአምስት ወር በኋላ ይመለሳል። ኮድ የምትጽፉ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ፕሮግራሙን ዘግተን ስንከፍተው ብቻ የሚጠፋ ስህተት ገና አልተፈታም ማለት ነው።

መጀመሪያ መለካት

መንቀጥቀጡ በእርግጥ ከዲስኩ መምጣቱን ማወቅ ፈለግኩ። ስልካችን ውስጥ እንቅስቃሴን የሚለካ አክስለሮሜትር አለ። በጀርመን የአኸን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፋይፎክስ የተባለ ነፃ መተግበሪያ ደግሞ መረጃውን መዝግቦ በፋይል ያወጣልናል። ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አጥብቄ አሰርኩና ከመነሳቴ በፊት ምዝገባውን አስጀመርኩ። ቤት ስመለስ ፋይሉን በፓይተን ከፋፍዬ የመንቀጥቀጡን ድግግሞሽ አወጣሁ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የጎማዬ ዙሪያ 2 ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 20 ሜትር ስለሆነ፣ ጎማው በሰከንድ 10 ጊዜ ይዞራል። መረጃውም በዚያ ፍጥነት 10 ኸርዝ አካባቢ አሳየ፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ድግግሞሹም አብሮ ወረደ። ስለዚህ ጥፋቱ ከጎማው ጋር የሚዞር ነገር ላይ ነው። የጎማ ባላንስ ቢሆን ኖሮ ፍሬን ሳልይዝም ይሰማኝ ነበር። የቀረው ተጠርጣሪ ዲስኩ ነው።

ታዲያ ተጣሟል?

አብዛኛውን ጊዜ «ተጣመመ» የሚባለው ዲስክ አልተጣመመም፤ ውፍረቱ ነው ከቦታ ቦታ የተለያየው። 0.02 ሚሊ ሜትር አካባቢ ልዩነት፣ ማለትም የፀጉር ውፍረት ሲሶ ያህል፣ እግራችን ላይ ሊሰማን ይችላል። የፍሬን ሸራዎቹ ዲስኩን ከሁለት ወገን ጨምቀው ሲይዙት፣ ወፍራሙ ቦታ በደረሰ ቁጥር ወደኋላ ይገፋቸዋል፤ ግፊቱም በፍሬን ዘይቱ በኩል እስከ ፔዳሉ ይመጣል።

ልዩነቱ በሁለት መንገድ ይፈጠራል። አንደኛው ዲስኩ ቀጥ ብሎ ሳይቀመጥ ሲቀር ነው። ሞዞው ላይ ዝገት ካለ ወይም ዳዶዎቹ እኩል ካልጠበቁ ዲስኩ እየተወላገደ ይዞራል። ፍሬን ባንይዝም አንዱ ቦታ በየዙሩ ሸራውን ይነካል፤ ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላም ያ ቦታ ይሳሳል። ችግሩ ወዲያው ሳይሆን ከወራት በኋላ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ከሸራው ይመጣል። ሸራው ዲስኩ ላይ ስስ ሽፋን ይተዋል፤ እኩል ከተዳረሰ ጥሩ ነው። ከከባድ ፍሬን በኋላ ቆመን ፔዳሉን እንደረገጥን ከቆየን ግን የጋለው ሸራ በአንድ ቦታ ይታተማል። ያ ቦታ በቀጣዩ ፍሬን ከሌላው ይበልጥ ይግላል። ሙቀቱ ከ650 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ የካስት አይረኑ ውስጣዊ ቅንብር ራሱ ተለውጦ ጠንካራ ነጠብጣቦች ሊፈጠሩ ይችላሉ።

ሙቀቱ ምን ያህል ነው?

1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲቆም 580 ኪሎ ጁል ያህል ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። 70 በመቶው ወደ ፊት ዲስኮች ቢሄድና እያንዳንዳቸው 8 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ሙቀታቸው በ50 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ይህ ብዙ አይደለም። ቁልቁለት ግን ሌላ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስንወርድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። 1,000 ሜትሩ ብቻ ለዚሁ መኪና 14.7 ሜጋ ጁል ነው፤ ከ100 ኪሎ ሜትር 25 ጊዜ እንደ መቆም ማለት ነው። መንቀጥቀጥ ያናድዳል፤ ፍሬን ዘይቱ ከፈላ ግን ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጥና መኪናው አልቆም ይላል።

ምን እናድርግ?

1. ዲስክ ሲቀየር ሞዞው በሽቦ ብሩሽ እስኪነጣ ይጽዳ።
2. ዳዶዎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ እየተፈራረቁ፣ በመኪናው መመሪያ ላይ ባለው ልክ በቶርክ ሬንች ይጠበቁ። በአየር ሽጉጥ ብቻ ጠብቀው ከሆነ እንደገና አስተካክሏቸው።
3. አዲስ ሸራ ሲገባ ባዶ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር አሥር ጊዜ ያህል በመጠኑ ፍሬን ያዙ፤ በመሃል ዲስኩ ይቀዝቅዝ፣ ሙሉ በሙሉ አትቁሙ። የሸራው አምራች የራሱ መመሪያ ካለው እሱ ይቅደም።
4. ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሳችሁ በሞተር ያዙ።
5. የፍሬን ዘይቱን በወቅቱ ቀይሩ፤ እርጥበት ሲስብ መፍያ ነጥቡ ይወርዳል።

የእኔ ጥፋት ተራ ቁጥር 1 ነበር። የምኖርበት ከተማ በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ስለሚበተን ሞዞው ዝጎ ነበር፤ ማንም አላጸዳውም። ሦስተኛውን ዲስክ ከማሰሬ በፊት አጸዳሁት። በዳያል ጌጅ ስለካው ውልግድናው ከ0.12 ወደ 0.03 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ከዚያ ወዲህ 15,000 ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ፤ በቅርቡ ምዝገባውን ስደግመው ያ የ10 ኸርዝ ጫፍ የለም። ሁለት ጊዜ ዲስክ የገዛሁበትን ገንዘብ የአንድ ሽቦ ብሩሽ ዋጋ ያድነው ነበር።